የተነቀለው ፊውዝ

ጋራዥ ውስጥ “ዶክተር” ይሉታል። እምቢ ያለ የመኪና ኤሲ እሱ እጅ ከገባ ሳይድን አይወጣም። የራሱ መኪና ግን ምድጃ ነበረች። “የሰውን እያቀዘቀዝክ ሚስትህን ልትቀቅላት ነው?” እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ነበር።

ባለቤቱ የሳንባ ሕመምተኛ ነበረች። ቀዝቃዛ አየር ሲነካት በሳል ትታፈናለች፤ ያም ሆኖ ባሏን ላብ ሲያጠምቀው ስታይ አንጀቷ አልችል እያለ ኤሲውን ራሷ ትከፍትለታለች። መክሮ መክሮ ሲያቅተው ፊውዙን ነቅሎ “ተበላሸ” አላት። ካረፈች በኋላም አልመለሰውም።

ዛሬ ሴት ልጁ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። የሕፃኑ ፊት በሙቀት ቀልቷል።

“አባዬ፣ ይሄ ኤሲ ምን ሆኖ ነው?”

“እስቲ ልየው” ብሎ ወረደና ኮፈኑን ከፈተ። ጋዙን ለካ፣ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ ነካካ፣ ሽቦውን ጎተት ጎተት አደረገ። ፊውዙ ደረት ኪሱ ውስጥ እንዳለ እያወቀ ነው። እሱን ከመለሰ፣ ሚስቱ ከእንግዲህ እዚህ መኪና ውስጥ እንደማትቀመጥ አምኖ መቀበሉ ነው።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ።

“ተወው አባዬ፣ መስኮት እንከፍታለን።”

ፊውዙን አውጥቶ ቦታው ላይ ሰካው፤ ተመልሶ ገብቶም ኤሲውን ከፈተ። ቀዝቃዛው አየር ነፈሰ፤ ሕፃኑም ዝም አለ።

“ዕድሜ ይስጥህ። ምኑ ነበር የተበላሸው?”

“ምኑም” አለ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ በባዶው የፊት ወንበር በኩል ያለውን የአየር መውጫ ቀስ ብሎ ዘጋው።