የጠፉት ሁለት ቀናት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ፣ የደብረ ታቦር አውቶብስ ውስጥ ቁጭ ብዬ መኪናው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ሰው ይገባል፣ ሙዝ ሊገዛ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይገባል... ብቻ ሊሞላ አልቻለም።

አጠገቤ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ መሪጌታ ተቀምጠዋል። አገራቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ነው። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው መመለሳቸው ነበር። ባለቤታቸው ከኋላችን ዘንቢላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ሰው ቁጥር ሲጠራ ሳልመረምር አላልፍም። ይሄ አመል የባሰብኝ ግን በሙያዬ አይደለም፣ በታላቅ እህቴ ነው። እናታችን ልትሞት ስትታመም ሕመሟን ሁለት ቀን ደብቃኛለች ብዬ ተኳርፈናል። ዓመት አልፎናል። ስትደውል አላነሳም፣ ቆይታ እሷም መደወሉን ተወችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከወገዳ ወዲያ፣ ከዚህ ተነስቶ በማግስቱ የሚደረስበት ገጠር ነበረች፣ እህቴ ዘንድ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ደውላ «ትናንት ማታ ጀምሯታል፣ ቶሎ ና» አለችኝ። ሐሙስ ስደርስ አልደረስኩባትም፣ ሊነጋጋ ሲል አርፋለች። ለቅሶው ላይ እህቴ ለሰው ሁሉ «ሁለት ቀን ብቻ ታማ» እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ደግሞ «በአራተኛ ቀኗ» ይላል። አራት ሲቀነስ ሁለት... ሁለት። በቃ! እናቴ ሁለት ቀን ታማ ነው የነገረችኝ አልኩ። ድንኳኑ ሳይፈርስ ተሰዳድበን ተለያየን።

እንግዲህ በዚህ አመሌ አውቶብሱ ውስጥ ስልኬ ላይ ወንጌል እያነበብኩ፣ ጌታ በተራራው ላይ ክብሩን የገለጠበት ቦታ ደረስኩ። ማቴዎስ ከስድስት ቀን በኋላ ነው ይላል። ሉቃስ ጋ ብሄድ፣ ስምንት ቀን ያህል! እዚህም ሁለት ቀን ጠፍቷል። ምን እንዳስደሰተኝ እንጃ፣ ብቻ ሌባ የያዝኩ ያህል ደስ አለኝ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ማቴዎስና ሉቃስ ለምንድን ነው የማይስማሙት?»

«ምን አጣላቸው?» አሉ፣ ስልኩን ዞር ብለው ሳያዩት።

«ቀን ነዋ። አንዱ ስድስት ይላል፣ አንዱ ስምንት። ወይ አንዳቸው ተሳስተዋል፣ ወይ ደግሞ...»

«ወይ ደግሞ ዋሽተዋል።» እሳቸው ጨረሱልኝ። ይገዝቱኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ኋላ ዞረው ባለቤታቸውን ጠሩ። «አንቺ፣ ልጅሽ ዘንድ ስንት ቀን ቆየሽ?»

«ምኑን ቆየሁት! ሁለት ቀን ነዋ። የልጁን መልክ እንኳ ሳልጠግበው።»

«እኔስ ስንት ቀን ቆየሁ?»

«እርስዎማ አራት ነው የሚሉት! የመጣንበትን ይቆጥራሉ፣ የምንሄድበትን ይቆጥራሉ። ለመሄድ ሲቸኩሉ እኮ...»

አጠገባችን ያሉት ሰዎች ሳቁ። መሪጌታም ሳቁ፣ ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ይቆጥሩልኝ ጀመር።

«ሮብ ከሰዓት ገባን። ሐሙስ ዋልን። ዓርብ ዋልን። ይኸው ዛሬ ቅዳሜ ልንሄድ ነው። እሷ ሙሉውን የዋለችበትን ብቻ ቆጠረች፣ ሁለት። እኔ የገባሁበትንም የምወጣበትንም ጨመርሁ፣ አራት። ማቴዎስ በመካከል ያሉትን ቆጠረ፣ ሉቃስ ዳርና ዳሩን ጨመረ። ልደትን ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ አክብረህ፣ በስምንተኛው ቀን ግዝረት ብለህ ጥር ስድስት ታከብር የለ? የተወለደበትን ካልቆጠርህ በምን ስምንት ይሞላል? ታዲያ ከኔና ከእሷ ማንኛችን ዋሸን፣ ልጄ?»

 እኔም ጣቶቼን ዘርግቼ መቁጠር ጀመርኩ።

እናቴን ሰኞ ማታ ጀመራት። ማክሰኞ ታመመች። ሮብ ታመመች። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። አጎቴ አራት። እህቴ ሁለት። ወይኔ! በተማሪዎች ፊት ቆሜ ሂሳብ የማስተምር ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ አራት ጣት መቁጠር አቅቶኝ!

ግን አቅቶኝ አልነበረም። የባሰው ነገር ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። እህቴ ማክሰኞ ጠዋት ቶሎ ና ስትለኝ፣ የፈተና ወረቀት አርሜ ልጨርስ ብዬ ቀኑን ሙሉ እዚሁ መካነ ኢየሱስ የዋልኩት እኔ ነኝ። የተነሳሁት ሮብ ነው። ማክሰኞውኑ ብነሳ፣ ሮብ ማታ የእናቴን እጅ እይዝ ነበር። የእህቴን ሁለት ቀን አጥብቄ የያዝኩት የራሴን አንድ ቀን እንዳላይ ነው።

እንባዬ መጣ። ሰው ያየኛል አላልኩም።

«ምነው ልጄ... ሉቃስ ይህን ያህል አስከፋህ?» አሉኝ መሪጌታ።

ከአውቶብሱ ወርጄ ደወልኩ። ሦስቴ ጠራና ተነሳ።

«እታለም... እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለች፣ ደንግጣ። ይቺ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። ከኔ የምትጠብቀው መርዶ ብቻ ሆኖ ነበር።

«ማንም አልሞተም። ሁለቱን ቀን... አልደበቅሽኝም። አሁን ነው የቆጠርኩት። የጠፋው ቀን የኔ ነበር፣ ማክሰኞ ዕለት ቁጭ ያልኩበት። ይቅር በይኝ።»

 አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል። ረዳቱ «ግባ እንጂ ሰውዬ፣ ሞልቷል!» እያለ ይጮህብኛል።

«ዓመት ከአራት ወር ከአምስት ቀን» አለች በመጨረሻ። «ድምፅህን ሳልሰማ።»

አመል መቼም አይለቅም... «ዛሬን ቆጥረሽ ነው?» አልኳት።

«ዛሬማ ደወልህ» አለችኝ። «ዛሬ አይቆጠርም።»