በውኃ የተፈተሸ አንጀት

ሕመሙ የጀመረኝ ዓባይ ማዶ፣ የባጃጅ ጎማ እየነቀልሁ ሳለ ነው። ከእምብርቴ በታች፣ በግራ በኩል ያዘኝ፤ ለቀቀኝ፤ ደግሞ ያዘኝ። ምሳ አልበላሁም። ወደ ማታ ሆዴ ተነፋ። ቀበቶዬ አልዘጋ አለ። ሰገራ የለም። ፈስም የለም።

በማግስቱ ሰፈር ካለው ክሊኒክ ሄድሁ። ነርሷ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ደንበኞቼ ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ፈስ ይወጣል?» አለችኝ ጮክ ብላ።

አፈርሁ። «አዎ» አልኋት። የጨጓራ መድኃኒት ተቀብዬ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ሲነጋ ወንድሜ ሆስፒታል አደረሰኝ።

«ሲግሞይድ ቮልቩለስ ነው» አለ ዶክተሩ ራጁን እያየ። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ለቀዶ ጥገናው ፈረምሁ። ወሰዱኝ።

ስነቃ ግራ ጎኔ ላይ ከረጢት ተለጥፏል። ውስጡ ቀይ የአንጀት ጫፍ በሆዴ ቆዳ ወጥቶ ይታያል። ሰገራውም አየሩም በዚያ ወደ ከረጢቱ ይወጣል፤ ኮሎስቶሚ ይባላል።

አጠገቤ የተኙት ከይፋግ የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ሕመማቸው ያው የኔው ነው። ከረጢት ግን የላቸውም። የተጠመዘዘው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ጫፎች በዚያው ቀን በሰርጂካል ስቴፕለር ተጋጥመዋል። ደቃቃ የቲታኒየም ሽቦዎችን በአንድ ጊዜ ደርድሮ የሚሰፋ መሣሪያ ነው። የሆዳቸው ቆዳም በሽቦ ተይዟል፤ እንደ ዚፕ ቀጥ ያለ። የኔ በክር ነው፤ ጠመም ይላል።

ቀናሁ። ስቴፕለሩ አንድ ብቻ ቀርቶ ለሳቸው እንደሰጡት ለራሴ ደመደምሁ። በግራ ጎናቸው ሲተኙ ሳይ እንኳ እቀና ነበር።

አንድ ቀን ጠያቂ በሞላበት ሰዓት ከየኔታ አልጋ ድምፅ ተሰማ። ሲስተር አጨበጨበች። «እንኳን ደስ ያለዎት የኔታ! አንጀትዎ ሥራ ጀመረ። በሉ አሁን አጥሚት ይጠጣሉ።»

ክፍሉ ሁሉ ደስታውን ገለጠ። «መሪጌታ አይደሉ? በዜማ ነው ያወጡት!» አለ በመስኮቱ በኩል የተኛው። ሰው ቁስሉን ይዞ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። የኔ አየር ሳያስፈቅደኝ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፤ እንኳን ደስ ያለህ ያለኝ የለም።

ዶክተሩ ሲመጣ ጠየቅሁት። «ስቴፕለሩ ለምን ለኔ አልሆነም?»

«ነበረ። ያንተ አንጀት ግን ጠቁሮ ነው የደረስንበት፤ የቀረውም አብጧል። በስቴፕለርም በእጅም ብንሰፋው ይለቃል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጎሚስታ።»

«በበሰበሰ ካላማዳሪያ ላይ ፓች ትለጥፋለህ?»

«አልለጥፍም።»

የኔታ ሰምተዋል። «እኔማ ገና ከበሩ ስገባ ነው የተናገርሁ» አሉኝ። «ፈሴ ቆሟል፣ ወንድሜን የገደለው ይኸው ነው አልኋቸው። ይሄ ምን ያሳፍራል ልጄ?»

ከዚያ ወዲያ የቀናሁት በአፋቸው ነው።

ቤት ገብቼ ከረጢቱን ማጠብና መቀየር፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ እንዳይቆስል ማድረቅ ተማርሁ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። አመሻሽ ላይ በጣና ዳር እየተራመድሁ፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው የሚዋኙትን ልጆች ከረጢት የሌለበት ሆድ በቅናት እያየሁ፣ ክብደቴ እስኪመለስና ዶክተሩ አንጀትህን መልሰን ለመግጠም ደርሰሃል እስኪለኝ ወራት ጠበቅሁ።

በሁለተኛው ቀዶ ጥገና አንጀቱን ዙሪያውን በክብ የሚሰፋው ስቴፕለር ለኔም ደረሰኝ። መሣሪያው ሁለቱን ጫፎች ሲያጋጥም ከየጫፉ አንድ ቀጭን የሥጋ ቀለበት ቆርጦ ያወጣል፤ ቀለበቱ ጎዶሎ ከሆነ ስፌቱ ያጠራጥራል።

«ሁለቱም ሙሉ ናቸው» አለኝ ዶክተሩ ስነቃ። «ከዚያ መጋጠሚያውን ውኃ ውስጥ አድርገን ከታች አየር ነፋንበት። አንድ አረፋ አልወጣም።»

በዚህስ አምናለሁ። እኔም ጎማ የማስረክበው እንደዚያ ፈትሼ ነው።

አየሩ በራሱ መንገድ የወጣ ዕለት ይፋግ ደወልሁ። «የኔታ፣ ወጣ!»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ! በምን ዜማ?» አሉኝ።

ለዶክተሩ፣ ከረጢቴን ሳትጸየፍ ለቀየረችልኝ ሲስተር፣ ለየኔታም ምስጋናዬ አያልቅም። ይህን የምታነቡ፣ ሆዳችሁ ተነፍቶ ፈስና ሰገራ ከቆመ አንድ ሌሊት እንኳ አትጨምሩበት፤ ሆስፒታል ሂዱ። ነርሷ ስትጠይቃችሁ ጎረቤት ቢሰማም እውነቱን ንገሯት።