ሞተሬን ያላጠፋሁበት ቀን

ባትሪ ሲሞት ሰው አይደነግጥም፤ ይናደዳል። እኔም ተናድጄ ነበር። ድንጋጤው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከሰውነቴ አልወጣም።

ያኔ ሰመራ ገና ከተማ ልሁን አልሁን እያለች በረሃው መሀል ቢሮ በቢሮ ላይ የሚሠራባት ጊዜ ነበር። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የፍየልና የግመል ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭኜ፣ ዕድሜ በጠገበች ቀይ የቢሮ ሞተር ወረዳ ለወረዳ እዞራለሁ። ሞተሯን የተረከብኳት አዋሽ አርባ ስሠራ ነው። በእግር የሚረገጠው ማስነሻዋ እዚያው ተሰብሮ ቀረ፤ የጭስ ማውጫዋም ተቀዶ እንደ ወፍጮ ቤት ታጓራለች። ደግነቱ በጣት የምትነካ የማስነሻ ቁልፍ አለቻት። ያቺ ቁልፍ ደግሞ ያለ ባትሪ ጌጥ ናት።

አንድ ጠዋት ቁልፏን ስነካት «ቅጭ፣ ቅጭ» አለች። በማግስቱ እሱንም ተወችው። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ። ገፍቼ ሎግያ ወሰድኳት። መካኒኩ ባትሪውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገና ሳቀ።

«ይሄ አልቋል። የዚህ አገር ሙቀት ውሃውን ጠጥቶታል። አልቅሰህ ቅበረው።»

«ሌላ የለህም?»

«የዚህ ልክ እዚህ አይገኝም። እስክታገኝ በግፊ ታስነሳታለህ። ከተነሳች ግን እስክትደርስ እንዳታጠፋት፤ ጋዙንም አትልቀቅላት፤ ከለቀቅክላት ትጠፋለች። ብቻህን ደግሞ አሸዋ ላይ ገፍተህ አታስነሳትም።»

ሱቆቹ በጅቡቲ ዕቃ ተጨናንቀዋል፤ ቬንትሌተሩ፣ ሳሙናው፣ ብስኩቱ ጣሪያ ነክቷል። የኔ ባትሪ ብቻ የለም። ቢሮ ያስገባሁት የግዢ ጥያቄም ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ነበር፤ መቼም የቢሮ ወረቀት እግር የለውም። ስለዚህ ባቲ ላለው አባቴ ስልክ ደወልኩ።

«አባባ፣ የሞተሬ ባትሪ ሞተ፤ መንገድ ላይ ከጠፋች አትነሳልኝም። ከኮምቦልቻ አንድ ባትሪ ይግዙልኝና ለሹፌር በአደራ ይላኩልኝ።»

«ልኩን በምን አውቀዋለሁ?»

«ላዩ ላይ የተጻፈውን ላንብብልዎ።»

ፊደሉንና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። «ኢንሻ አላህ፣ ይደርስሃል» አለኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቲ ገበያ ከአፋሮች ጋር ጨውና ፍየል ሲነግድ የኖረ፣ አፋርኛ እንደ አፉ መፍቻ የሚናገር ሰው ነው። ለአረፋ በዚችው ሞተር እቤት ድረስ ሄጄ ነበር። ስደርስ ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ፤ «ከወንዙ ማዶ ሳለህ ሰምቼሃለሁ። እንዳንተ ሞተር የምትጮህ የለችም» ብሎ ሳቀብኝ።

እዚህ ላይ ስለ ዳጉ መናገር አለብኝ። አፋር መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብሎ፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ከማን እንደሰማውም ይናገራል፤ ከዚያ የሌላውን ይቀበላል። ይሄ ዳጉ ነው። አዋሽ አርባ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አፋር «ወሬ ይዞ ዝም ብሎ ያለፈ፣ ውሃ ይዞ የተጠማን ሰው አልፎ እንደሄደ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ እስቅበት ነበር። ከተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ። የማን ግመል ወለደች፣ ዝናብ የት ጣለ ሲባል ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ክትባቱ ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። ባትሪው ሲሞት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሰበብ አገኘሁ። «ሞተሯ ከጠፋች አትነሳም» እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ።

ያን ቀን ከጭፍራ ወደ ሰመራ እየተመለስኩ ነበር። ጠዋት እረኞቹ ገፍተው አስነሱልኝ፤ ጋዝ እንደሰጠኋት ወደ ሚሌ አቅጣጫ ተፈተለኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ አዛውንት ከግራር ጥላ ሥር ብድግ ብለው ዱላቸውን አነሱ። አውቃቸዋለሁ፤ ፍየሎቻቸውን ሁሌ እኔ ነኝ የምከትበው። መንገዱ መሀል ገቡ። ቀስ አልኩ እንጂ አልቆምኩም። ጋዙን እንደያዝኩ ወደ ሞተሬ ጠቆምኩና «ባትሪ የለም! አላጠፋም!» ብዬ ጮህኩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ በዚያ ጩኸት ግን የሚሰማ ነገር የለም። ዱላቸውን ወደ ሚሌ ዘረጉ። እኔም ራሴን ነቅንቄ ወደ ሚሌ መሄዴን አረጋገጥኩላቸውና ዞሬያቸው አለፍኩ።

ትንሽ ቆይቶ ግመል የጫኑ ሁለት ሴቶች እጃቸውን አነሱ። ከዚያ አንድ ፍየል የሚነዳ ሰው። ከዚያ ሌላ። ለሁሉም እጄን እያነሳሁ ሰላም አልኩ። አላህ ይይልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። «አይ አንተ፣ አገሩ ሁሉ ያውቅሃል!» አልኩ ለራሴ።

ሚሌ ስገባ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ዳር ይዘው ተሰልፈው ነበር። በመካከላቸው እየተጥመለመልኩ ሳልፍ ከጤና ጣቢያው በር አንድ ሽርጥ ያገለደመ ጎልማሳ ሮጦ ወጣና ነጠላውን አውለበለበብኝ። ሊፈናጠጥ የፈለገ መስሎኝ ወደ ክትባት ሣጥኑ ጠቆምኩለት፤ ቦታ የለም ማለቴ ነው። ቀጠልኩ።

ሰመራ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ የአንድ የወሎ ሰው ናት። እዚያ ደርሼ ሞተሬን አጠፋሁ። ጆሮዬ ገና ይጮሃል። ባለሱቁ እንደ ወትሮው ውሃ አላቀበለኝም፤ ሰላምም አላለኝም።

«አባትህን እንዴት ትተሃቸው መጣህ?»

«የቱን አባቴን?»

«ሚሌ ናቸዋ! ትናንት ሲመጡ አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀት ጥሏቸው ጤና ጣቢያ አስገብተዋቸዋል። የሚኒባስ ሹፌር ነው የነገረኝ። ልጃቸው የከብት ሐኪሙ መሆኑን ሲናገሩ፣ አፋሮቹ ጭፍራ መሆንህን ያውቁ ኖሮ ከትናንት ማታ ጀምሮ በመንገዱ ሁሉ መልእክት ልከውብሃል አሉ። በዚያ በኩል አይደለም እንዴ የመጣኸው?»

የዱላው አቅጣጫ፣ ሴቶቹ፣ ነጠላው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ወደ ሞተሬ ሮጬ ቁልፏን ተጫንኩ፤ እንደ ደነገጠ ሰው፣ ባትሪ እንደሌላት ረስቼ ደጋግሜ ተጫንኩ። ከዚያ አሸዋው ላይ መግፋት ጀመርኩ። ባለሱቁ ክንዴን ይዞ አስጣለኝና እየጎተተ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ።

የዚያን ሚኒባስ መንገድ አላስታውሰውም። ሚሌ የደረስኩት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሲያየኝ አንዱ አንገቱን ደፋና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። አባቴ ያረፈው የዙህር አዛን ከመሰማቱ በፊት ነው።

አባቴ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ፊቱ የተቆጣ አይመስልም። አጠገቡ ወንበር ላይ በሲባጎ የታሰረች ትንሽ ካርቶን ተቀምጣለች። ለምን እንደመጣ እስከዚያ ድረስ አልጠየቅኩም፤ ለካ ድንጋጤ ጥያቄም ያስረሳል።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩ።

«የሳቸው ነው» አለችኝ ነርሷ። «ሲገቡም ታቅፈውት ነበር። ቀና ብሎ ካልተቀመጠ አሲዱ ይፈሳል እያሉ ለማንም አልሰጥም አሉ።»

ሲባጎውን ፈታሁት። ያነበብኩለት ፊደልና ቁጥር አንድ ሳይዛነፍ ላዩ ላይ አለ። ለሹፌር ይላኩልኝ ብዬው ነበር፤ የሰው አደራ አላመነም፤ በዚያ ሙቀት ከኮምቦልቻ ጀምሮ ባትሪውን ጭኑ ላይ ይዞ ወርዷል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። በዐሥር ሰዓት ገደማ ቀበርነው፤ ከቀባሪዎቹ ብዙዎቹ የማላውቃቸው አፋሮች ነበሩ።

ባትሪውን ለብዙ ቀናት አልነካሁትም። በኋላ ሥራ አስገደደኝና መካኒኩ ገጠመልኝ። «አልቅሰህ ቅበረው» ያለኝን አስታውሶ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ያን ቀን አንድ ቀልድ አልተናገረም። ቁልፏን አንዴ ነካኋት፤ ተነሳች። እንዲህ በቀላሉ በመነሳቷ ጠላኋት።

ወደ ጭፍራ ስወጣ አዛውንቱ እዚያው ግራር ሥር ነበሩ። ዱላቸውን አላነሱም። እኔ ራሴ ቆምኩ፤ ሞተሬን አጠፋሁ፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። እጄን ያዙኝና ቀድሜ የኔን ወሬ እንድናገር ጠየቁኝ። የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነገርኳቸው። የሚያውቁትን እንደ አዲስ ሰሙኝ።

«አሁን የኔን ተቀበል» አሉኝ። «ያን ቀን ያዝኩልህ፤ አልወሰድከውም። አባትህ ታሟል፣ ሚሌ ቁም ልልህ ነበር። ይሄ አርጅቷል። ሌላ ግን አለ። የእህቴ ልጅ ነው የነገረኝ፤ ነጠላ ያውለበለበልህ እሱ ነው፤ የነገረኝም በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ነው።»

«ይንገሩኝ።»

«አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ነበር። ሞተርህ በደጅ ስታልፍ ዓይኑን ገለጠ። በኛ ቋንቋ «ልጄ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ። የእህቴ ልጅ ሮጦ ወጣ፤ አለፍክ። ተመልሶ ሲገባ ጓደኞቹ መኪና ይዘን እንከተለው ብለው ተነሱ። አባትህ ግን እጁን ካርቶኑ ላይ አድርጎ ከለከላቸው።»

«ምን አለ?»

«‹ተዉት፣ አታስቁሙት፤ በረሃ ላይ ከጠፋችበት አትነሳለትም። ሲደርስ ይሰማል፤ እኔ እጠብቀዋለሁ› አለ።»