ድምፅ የሌላት የአበልጄ መኪና

ፍኖተ ሰላም የፖሊስ ጣቢያ ሾፌር ነበርሁ። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ገደማ ተቀጥሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርሁት ከአንዲት ደብል ጋቢና ጋር ነው። የሷን ድምፅ የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከላህ ወንዝ ማዶ ጀምራ ታጓራለች፤ ዳገቱን ስትይዝ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ትስላለች። ባለቤቴ ያን ሳል ስትሰማ ምሳ ታቀርባለች። ጠላ ቤት የተጣሉ ሰዎችም ያንኑ ሳል ሲሰሙ እኛ እስክንደርስ ታርቀው፣ አንዱ የሌላውን ኮት አቧራ እያራገፈለት ይጠብቁናል። አዛዡ በዚህ ይናደድ ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ሳይታሰሩ መታረቅ ምን ክፋት አለው።

ያ አዲስ የገባ መንግሥት በተራው ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አንዱ የትራፊክ ፖሊስ ከስልጠና ተመለሰና ስልኩ ላይ የመኪና ፎቶ አሳየን። ቅርጿ እንደገና የተሠራ፣ ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ለፖሊስም ለቤተሰብም የምትሆን መኪና ናት አለ። በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ትሄዳለች፤ ሃይብሪድ ይሏታል። ፍሬን ሲይዙ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች። ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፋ። እኔ መነጽሬን ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ፎቶው አልፎ ነበር፤ እንደገና እንዲያሳየኝ ለመንሁት።

አዛዡ ለእኛም ጣቢያ አንዲት ይታሰባል መባሉን ነገረን። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ ስትመጣ ሾፌሯ አንቱ ነዎት አለኝ። ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። የግቢውን በር በእርምጃ ለካሁት፤ ታልፋለች። የምትቆምበትን የዋንዛ ጥላ ጠራረግሁ። የትራፊኩን ስልክ እያስከፈትሁ ከውስጧ ፎቶ ላይ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ አጠናሁ፤ ፊደሉን ባላነበውም ቦታውን ያዝሁት። አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውሁት፤ ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት መሪ ጨብጬ ነው። ስለ አዲሲቱ ሳወራ ታዲያ ከአሮጊቷ ደብል ጋቢና ራቅ ብዬ ነበር የማወራው። የምትሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን አበልጄን ላስተዋውቃችሁ። የመጨረሻ ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ ሰው ነው፤ ቡሬ ይኖራል፤ በርበሬና በቆሎ ይነግዳል። በወጣትነታችን እሱ ጆንያ ተሸካሚ፣ እኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበርን፤ እሱ ይጭናል፣ እኔ ሸራ አስራለሁ። አበልጅ ከሆንን ወዲህ አንቱ እንባባላለን። እሱ መጋዘን ሠራ፣ ባለ ፎቅ ቤት ሠራ፤ እግዜር ያየኛል፣ አንድም ቀን አልቀናሁበትም። መኪና ግን የእኔ እርሻ ነው ብዬ አምን ነበር። አበልጄ መንዳት አያውቅም። መኪና ውስጥ ሲገባም ከኋላ ተቀምጦ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ነው።

ለጥምቀት ቤቱ ተጋብዤ ሄድሁና ስለምትመጣዋ መኪና ነገርሁት። ስንት ሰው ትይዛለች አለኝ። ነገርሁት። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፣ መውጫዋ አያስቸግራትም ወይ አለኝ። መውጫዋን በእጄ ለክቼ አሳየሁት። እኔ ያላየኋትን መኪና እንደ ወለድኋት ሆኜ ሳወራ እሱ አገጩን ይዞ ይሰማኛል። ያ አሰማሙ ደስ አለኝና ያልሰማሁትንም ጨማመርሁ።

ከፋሲካ በኋላ ስልክ ደወለልኝ። የነገሩኝን መኪና አስመጣኋት አለ። ያመጣት ሾፌር ግቢ አስገብቷት በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ቅዳሜ ጠበል ሊያስረጫት ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሯል።

«ከአንቱ እጅ በፊት የማንም እጅ እዚህ አይነካትም፤ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አንቱ ይንዱልኝ» አለኝ።

እንኳን ደስ አለዎት አልሁ።  ስልኩን ዘጋሁ። የእኛዋ ገና በሂደት ላይ ናት ይባላል፤ የእሱዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ወሬውን የሰጠሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ስሄድ ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ እንከን ስፈልግላት ነበር። ቀለሟ ደባሪ ቢሆን፣ ወንበሯ ጠባብ ቢሆን፣ ከሩቅ ስትታይ ብቻ የምታምር ብትሆን እያልሁ። ግቢው ስገባ አየኋት። ነጭ ናት። ፎቶው አሳንሷታል። አበልጄ በወንበሮቹ ላይ ያለውን ላስቲክ እንኳ አላስነሣም፤ ስቀመጥ ከሥሬ ተንኮሻኮሸ። ባለቤቱ፣ ዘመዶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጭ ለብሶ ግቢውን ሞልቶታል። ዳቦው ተቆርሷል። ቁልፎቹ ሁሉ እኔ በልቤ ባስቀመጥኋቸው ቦታ ነበሩ።

ፍሬን ይዤ ማስነሻውን ተጫንሁ። አንዲት አረንጓዴ ጽሑፍ ብልጭ ብላ ቆመች፤ ድምፅ ግን የለም። እንደገና ተጫንሁ፤ ጽሑፏ ጠፋች። ሦስተኛ ተጫንሁ፤ በራች። ጆሮዬን ወደ መሪው አስጠጋሁ። ምንም። ከሃያ ዓመት በላይ ከሚያጓራ ሞተር ጋር ለኖረ ሰው ዝምታ ማለት ሞት ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ከልቤ የሞተች መስሎኝ ነበር። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳቀ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ፊቴ ላይ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነከስሁ።

አበልጄ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ምነው አለኝ።

አልነሣችም አልሁት። መንገድ ላይ ተጎድታለች፣ ባትሪዋ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር ሲጣደፉበት ይኸው ነው አልሁት። የመጨረሻውን ማለት አልነበረብኝም።

ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ይጠብቃሉ። የተጠራ ሰው አይመለስም። አበልጄ የመጋዘኑን ተሸካሚዎች ጠራና ትገፋ አለ። ማርሹን ፎሌ፣ ማለት ነፃ፣ አድርጌ ለቀቅሁላቸው፤ ስምንት ሰው ከኋላ ሆኖ ገፋት። ሴቶቹ እልልታውን ጀምረው መሐል ላይ አሳነሱት፤ ለምትገፋ መኪና እልል ይባል እንደሆነ አላወቁም። አበልጄ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ከጎኔ ይራመዳል። የሚያገኘው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት ሲለው፣ ትንሽ አሟት ነው እያለ ጎንበስ ይላል። መስኮቱ ክፍት ስለነበር አንድም ሳይቀር ሰማሁት።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ዳገት አለ። ሰዎቹ ደከሙና መኪናዋ ወደ ኋላ ልትንሸራተት ሆነ። የሾፌር እጅ ዳገት ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ፍሬን ያዝሁና ሳላስበው ማርሹን ወደፊት ወደሚያስኬደው አዞርሁት፤ ፍሬኑን ስለቅቅ እግሬ ነዳጁን ነካ አደረገው። መኪናዋ ሄደች። ያለ ድምፅ፣ ያለ ጭስ፣ በገዛ እግሯ ዳገቱን ወጣች።

ከኋላ አንዱ ተሸካሚ ቀለለች እኮ አለ። ሌላው ደግሞ ጠበሉ ሳይነካት ሽታው ፈወሳት ብሎ አሳቃቸው። እጃቸውን አላነሡም፤ የሚገፉ መስሏቸዋል። እኔ ግን አወቅሁ። ሞተሯ የሞተ አልነበረም፤ አረንጓዴዋ ጽሑፍ ተነሥቻለሁ ስትለኝ ነበር የቆየችው። አሁን አፌን መክፈት ነው። አልከፈትሁም። ወፍጮ ቤቱን አለፍን፣ የባጃጆቹን መቆሚያ አለፍን፣ የእህል በረንዳውን አለፍን። ስምንት ሰው በላብ ተጠምቆ የሚሄድ መኪና እየገፋ ነው፤ አበልጄ ትንሽ አሟት ነው ይላል፤ እኔ የምመኛትን መኪና እየነዳሁ ዝም ብያለሁ። ደግሞ እንዴት ያለች መኪና ናት። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል። እሷ እንዲህ በለሰለሰች ቁጥር እኔ የበለጠ ዝም አልሁ።

ደጀ ሰላሙ ጋ ስንደርስ ፍሬን ያዝሁ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጠበሉን ረጯት፤ በመስኮቱ እኔም ደረሰኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። አበልጄ ወደ ፊቷ ዞረ። ሁለት እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ግንባሩን ዝቅ አደረገ። ቀና ሲል በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰው እንዳይሰማ ድምፁን አሳንሶ ተናገረ።

«አንቱ ሞተች ካሉ ሞታለች። ሰኞ በጭነት መኪና አስጭኜ ወደመጣችበት እመልሳታለሁ። ድሮም መኪና የአንቱ ነገር እንጂ የእኔ አልነበረም።»

እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው። ማርሹ እንደገባ ነው። እግሬን ባነሣ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ከፊቷ የቆመው ደግሞ ልጄን ከጠበሉ ተቀብሎ ያቀፈልኝ ሰው ነው። እሱ የሞተ ብረት ተደግፎ ያወራል። የሞተ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ፍሬኑን ይበልጥ ረገጥሁት። ማርሹን መልሶ ማውጣት የዓይን ጥቅሻ ነበር፤ እጄ ግን ከመሪው አልላቀቅ አለኝ።

«አበልጄ፣ ከፊቷ ይነሡ» አልሁት።

«ምን ታደርገኛለች፣ የሞተች።»

«አልሞተችም። ይነሡልኝ።»

ተነሣ። ማርሹን አወጣሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ ወረድሁ። መኪናዋ ደህና መሆኗን፣ ድምፅ የሌላት መሆኗን፣ በራሷ ስትሄድ መምጣቷን ቄሱም ተሸካሚዎቹም እየሰሙ ተናገርሁ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ታዲያ እኛ ምን ስንገፋ ኖረናል አለና ሰዉ በሙሉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። አበልጄ ግን አልሳቀም።

ተመልሼ መሪው ላይ ስቀመጥ ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ፤ ከፊት ሲቀመጥ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«ከየት ጀምሮ ነው ያወቁት?» አለኝ።

«ከወፍጮ ቤቱ።»

ከወፍጮ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ በልቡ ሲሄድበት አየሁት። እዚያ መንገድ ላይ ለስንት ሰው ጎንበስ እንዳለ እኔም እሱም እናውቃለን። ከዚያ ወደ ቤት ይንዱኝ አለ። ነዳሁ። መኪናው ውስጥ የላስቲኩ መንኮሻኮሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። በቆሎ የጫነች አንዲት አህያ መንገድ መሐል ቆማ አላየችንም፤ አልሰማችንምም፤ አጠገቧ ደርሰን ጥሩንባ ስነፋ ዘላ አጥር ውስጥ ገባች። አበልጄ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ይቺም መኪናዋ ሞታለች ብላ ነው አለ። መሳቅ ፈለግሁ፤ አልደፈርሁም።

ግቢው ስንገባ አልወረደም። እኔ አንቱ ጥሩ ናት ስላሉኝ ነው ያስመጣኋት አለ፤ አሁንስ፣ ጥሩ ናት ወይ? አለኝ። ኃጢአቴን ለቄሱ መናገር ከዚህ ይቀል ነበር።

«ጥሩ ናት። እንዲህ ያለች መኪና ነድቼ አላውቅም» አልሁት።

የዚያን ሳምንት ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ስግደት ሰጡኝ፤ በሚያመኝ ወገቤ ጨረስሁት።

የጣቢያችን መኪና እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አልመጣችም። የደብል ጋቢናዋን ቁልፍ አስረክቤ ስወጣ ለአዲሲቱ የጠረግሁት የዋንዛ ሥር ባዶ ቦታ ቅጠል ሞልቶበት ነበር። አበልጄ አልተቀየመኝም ልል አልችልም፤ አንድ ዓመት ያህል በስልክ ብቻ ነበር ሰላም የምንባባለው። ከዚያ አንድ ቀን የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ያቺ ነጭ መኪና ቆማለች፤ ሴት ልጁ ናት የምትነዳው። አበልጄ ከፊቷ ቆሞ፣ እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ያየኛል።

«ልነሣ ወይስ ልቁም?» አለኝ።

እስከ ዛሬ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚለኝ፤ እኔም እየሳቅሁ ግቡ እላለሁ። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ ስግደቱ ቀነሰው እንጂ አልጨረሰውም። ነጯን መኪና ባየሁ ቁጥር ቀኝ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። ሌላ መኪና ቢሆን ከሩቅ ስሰማው ፊቴን አስተካክዬ እቀበለው ነበር። ይቺ ድምፅ የላትም፤ በሩን ስከፍት ደርሳ ትጠብቀኛለች፤ አበልጄም ፊቴን እንዳለ ያየዋል።