ጥርስ የሌለው ዝሆን

ዶ ቲን ኑዌ የማትፈራው ነገር ካለ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ቁራ በረንዳዋ ላይ ካረፈ ትፈራለች። መብራት ሲጠፋ ትፈራለች፣ ሲመጣ ደግሞ ሽቦው እንዳይቃጠል ትፈራለች። ጠዋት ጠዋት በፎቃችን ደረጃ ሥር የዓሣ ሾርባ በቀጭን የሩዝ ፓስታ ትሸጣለች፤ ያን ሁሉ ዘመን ሠርታውም እሳት ስታቀጣጥል እጇ ይንቀጠቀጣል። ሾርባዋን ግን በመንገዳችን የሚስተካከለው የለም። ደንበኞቿ «ሴትዮዋ ፍርሃቷን ነው መሰል የምትጨምርበት» እያሉ ይቀልዱባታል።

ከሁሉም በላይ የምትፈራው የእኔን ስልክ ነበር። እኔ ቲዳ እባላለሁ፣ እንደ ወይዘሮ «ዶ» ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ ያኔ ከፎቁ ሥር፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሰው አስደውል ነበር። በያንጎን ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሠፈሩ ልደትና ሞት ቀድሞ የሚያልፈው በእኔ ጆሮ ነው። ላይ ላለ ሰው ሲደወል ከበረንዳው የተንጠለጠለውን ገመድ እስባለሁ፣ ጫፉ ላይ የታሰረው ቃጭል ይንጫረራል። ሌላው ሰው «ማነው?» ይላል። እሷ ግን ከሦስተኛው ፎቅ አንገቷን አስግጋ «ማን ሞተ?» ነበር የምትለው።

ስቄባታለሁ፣ አልዋሽም። ግን ፈሪ ሆና አልተፈጠረችም። ሁለት ልጆች ገና መዳህ ሳይጀምሩ ቀብራለች። ሦስተኛውን ስታረግዝ ደረጃውን የምትወጣው ግድግዳውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ልጁም በሰላም ተወለደ፤ ረቡዕ ዕለት፣ ቀትር አካባቢ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሁሉ እንደ ተወለደበት ቀን የራሱ እንስሳ፣ በፓጎዳው፣ ማለት በቡድሃ መቅደሱ ዙሪያም የሚጸልይበት የራሱ ጥግ አለው። የሌላ ቀን ልጅ ጠዋት ተወለደ ማታ ለውጥ የለውም፤ ቀኑም አንድ፣ በፓጎዳው ዙሪያ ያለው ጥጉም አንድ ነው። እኔ የዓርብ ነኝ፤ ወሬ የማበዛው ለዚህ ነው ይሉኛል። ረቡዕ ብቻ ቀትር ላይ ለሁለት ይከፈላል። የጠዋቱ ልጅ ጥርስ ያለው ዝሆን ነው፣ ጥጉም በደቡብ በኩል። የከሰዓቱ ደግሞ ጥርስ የሌለው ዝሆን ነው፣ ጥጉ በሰሜን ምዕራብ፤ ጨረቃን በሚውጠው ጨለማ ኮከብ ሥር የተወለደ ነውና እናቶች የኮከቡን ስም እንኳ ጮክ ብለው አይጠሩትም።

ያዋለዷት የባሏ አክስት ዶ ፕዋ ናቸው። ቲን ኑዌ ከምጡ እንደወጣች ወንድ ነው ሴት ብላ አልጠየቀችም። «ቀትር አልፏል?» ነው ያለችው።

«ኧረ የት አልፎ! መነኮሳቱ እንኳ ገና ምሳቸውን እየበሉ ነው» አሉ ዶ ፕዋ።

መነኩሴ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምስም፤ ከዚህ የበለጠ ሰዓት ከየት ይመጣል? ስም የሚወጣው በቀኑ ፊደል ነውና ልጁም የጠዋት ረቡዕ ስም ወጣለት፣ ሊን ዋይ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ቲን ኑዌ በየረቡዕ ጠዋቱ ሾርባዋን ሸጣ ስትጨርስ ሱሌ ፓጎዳ ትሄዳለች። በደቡብ ጥግ ባለው ትንሽ የቡድሃ ሐውልት ላይ በልጇ ዕድሜ ልክ በኩባያ ውሃ ታፈስሳለች፣ ለሚመጣው ዓመትም አንድ ትጨምራለች። ልጁ ባደገ ቁጥር ኩባያውም በዛ። «ክንዴን ሲያመኝ ደስ ይለኛል፤ እያደገልኝ ነው ማለት ነው» ትለኝ ነበር።

ባሏ ኡ ካን የሰኞ ሰው ነው፣ ነብር። ይህ ራሱ የመንገዳችን ቀልድ ነበር፤ እንደሱ ያለ አንገቱን ደፍቶ ሂያጅ ነብር ማንም አላየም። ወደብ መጋዘን ሠርቶ ይመጣል፣ የተሰጠውን ይበላል፣ ይተኛል። ረቡዕ ብቻ ቀደም ብሎ ይመለስና ከሰዓት ሻይ ቤት ዳማ ልጫወት ብሎ ይወጣል። አመሻሹ ላይ የሽርጡ ጫፍ ርሶ ሲመለስ ቲን ኑዌ ከደረጃው ትቀበለዋለች።

«ዛሬም ሻይ ደፋህ? ኩባያ መያዝ ሳትችል ዳማ የሚያጫውትህ የትኛው ጅል ነው?»

«ደፋሁ» ይላል፣ ይወጣል። በቃ።

ሊን ዋይ ሲጎረምስ መርከበኛ እሆናለሁ አለ። እናቱ አለቀሰች፣ ለመነች፣ ፓስፖርቱን የሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበረች። ሩዙን አራግፎ አወጣውና ሄደ። ከየወደቡ በእኔ ስልክ ይደውላል፤ እኔ ገመዱን እስባለሁ፣ እሷ «ማን ሞተ?» ትላለች፣ እኔ «ልጅሽ ነው፣ ውረጂ!» እላታለሁ። እንዲህ እያልን ከረምን።

አንድ ዓመት በዝናቡ ወቅት ስልኩ ዝም አለ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላ ሳምንት ተከተለ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ የመርከበኞቹ ቀጣሪ ቢሮ ሠራተኛ ደወለ። መርከቡ ማዕበል ውስጥ ከገባ ወዲህ ሬዲዮው አይመልስም፣ የት እንዳለም አይታወቅም፣ ለቤተሰቡ ንገሩ አለኝና ዘጋው።

ገመዱን ያዝኩት። መሳብ አቃተኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሳቅኩበት ጥያቄዋ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በመጨረሻ ሳብኩት።

«ማን ሞተ?» አለች ከላይ።

ያን ቀን «ልጅሽ ነው» አላልኳትም። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች እንጃ፣ ፊቴ ቆማ አገኘኋት። ኡ ካንም ከኋላዋ ወረደ። የተባልኩትን ነገርኳቸው። እሱ ሁሉንም ሰምቶ ጫማውን አጠለቀና በዝናቡ ውስጥ አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ።

«አየሽልኝ ቲዳ?» አለች። «ልጁ ባሕር ላይ ጠፍቶበት እሱ ዳማ!»

ደግፌ ወደ ቤት አስገባኋት። ዶ ፕዋ ያኔ አርጅተው፣ እዚያው እሷ ቤት ሰሌን ላይ ተኝተው ነበር የሚውሉት። ቲን ኑዌ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ እየተወዛወዘች ለራሷ ታወራለች። «ምንም አይሆንም። ዛሬ ጠዋት አፍስሼለታለሁ። አንድም ረቡዕ አልቀረሁም። ምንም አይሆንም።»

«ኑዌ፣ ልጄ» አሉ ዶ ፕዋ ከተኙበት። «እስቲ ቅረቢኝ።»

«ምን ልስጥዎት? ውሃ?»

«ነገሩስ ውሃው ነው። ስታፈስሺ የኖርሽው ያለ ቦታው ነው።»

ቲን ኑዌ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ።

«ቀትር አልፎ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ያን ቀን ዓይንሽን ሳየው አስፈራኝ። ጥርስ የሌለው ነው ብልሽ ወተትሽ የሚደርቅ መሰለኝ። ኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ኋላ ደግሞ አንቺን ራስሽን ፈራሁሽ።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። «ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ለማን ነው ያፈሰስኩት?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ተነሥታ ያለ ጥላ ወጣች። እኔም ጠረጴዛዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ተከተልኳት። በእነዚህ ነገሮች አላምንም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከእሷ ቀድሜ ነበር አውቶቡሱ ላይ የተሰቀልኩት።

«ሱሌ! ሱሌ! ሱሌ! እማማ ጠጋ በይ፣ ባሱ ሆደ ሰፊ ነው!» ይላል ረዳቱ። መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ አውቶቡሱ እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። እሷ የወንበሩን ብረት ጨብጣለች። «አሁን ውሃ ውስጥ ይሆናል እኮ ቲዳ። አሁን እኛ እዚህ ቆመን» አለችኝ። እኔም በሐሳቤ ያየሁት ይኸው ነበር።

ፓጎዳው ያለበት አደባባይ ሳንደርስ ዘላ ወረደች። መንገድ ለመሻገር የእኔን እጅ ካልያዘች የማትንቀሳቀስ ሴት፣ ግራ ቀኝ ሳታይ መኪናው መሐል ገባች። ፍሬን ሲጢጥ ይሰማኛል።

«ሴትዮ! መሞት ካማረሽ ሌላ ሰው ፊት ሙቺ!» ብሎ አንዱ ሾፌር ጮኸባት። እኔ ከኋላ ለእያንዳንዱ መኪና እጅ እየነሣሁ ይቅርታ እላለሁ። ጫማዋ አንዱ አስፋልት ላይ ቀረ፤ ለነገሩ ደጃፉ ላይ መውለቁ አይቀርም ነበር።

በሩ ላይ አበባ የምትሸጠው ልጅ ታውቃታለች። «አክስቴ፣ ዛሬ ሁለተኛሽ ነው እኮ! በዚህ ዝናብ ላይ ልትጨምሪለት ነው? ዝሆኑ ሰጠመ!» ብላ ሳቀች። ልጅቷ ለጨዋታ ነው። ቲን ኑዌ ግን «ሰጠመ» የሚለውን ስትሰማ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች፣ ደግፌ አነሣኋት።

ወለሉ በዝናብ ያንሸራትታል። በደቡቡ ጥግ ስናልፍ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደ ዕውር እየመራሁ አሳለፍኳት። ዞረን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ስንደርስ ሰው ቀድሞናል። አንድ ሽማግሌ ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ያፈስሳል። ተራ እንጠብቅ ልላት ዘወር ስል ቲን ኑዌ እጄን ለቀቀችው።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ኡ ካን ዞረ። ኩባያው እጁ ላይ እንዳለ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ እግሯን አየ።

«ማን ነገረሽ?» አለ።

«አክስትህ ናቸው። ለአንተስ ማን ነገረህ?»

«የምሳ ዕቃው።»

ኡ ካንን ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ልጁ በተወለደ ቀን ለገዳሙ ምሳ አድርስ ተብሎ ድርብርቡን የምሳ ዕቃ ይዞ ወጥቶ ኖሯል። ጎርፍ አዘገየው። ሲደርስ የቀትር ደወል ተደውሎ መነኮሳቱ ከማዕድ ተነሥተዋል፤ አልተቀበሉትም። ምሳውን እንደ ሞላ ተሸክሞ ተመለሰ።

«ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ» አለ። «ምሳው ጭኔ ላይ ሆኖ ነው ልጁ ተወልዶ ሲያለቅስ የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስገባ እየሳቅሽ ነበር። ከሁለቱ ልጆች ወዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ፈራሁ።»

«ዳማውስ?»

«ዳማ አልችልም» አለ ኡ ካን።

ትመታዋለች ብዬ ተጠግቼ ነበር። ኩባያውን ከእጁ ነጠቀችው። «የት ደረስክ?» አለችው። ግማሽ አልደረስኩም አላት። «ዞር በል» አለችና ማፍሰስ ጀመረች። ክንዷ ሲዝል እሱ ከሥር ደገፋት። እኔም ምንም የማላምነው ሴትዮ ሌላ ኩባያ አንሥቼ አፈሰስኩ። ማናችንም ግን አልተጽናናንም። ውሃው ከሐውልቱ ላይ እየወረደ ከዝናቡ ጋር ሲቀላቀል ሳይ የማስበው ባሕሩን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዓይኔ ወደ ገመዱ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ብድግ ሳደርገው ከሩቅ የሚያስተጋባ ድምፅ «አክስት ቲዳ!» አለኝ። ሊን ዋይ ነው። ሞተራቸው ቆሞ፣ ሬዲዮው ውሃ ገብቶበት፣ በሌላ መርከብ ተጎትተው ቺታጎንግ ወደብ ገብተዋል። ገመዱን ስስበው ቃጭሉ ተበጥሶ ወደቀ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም! ማንም አልሞተም! ውረጂ!»

ታዲያ የቱ ጥግ አዳነው? ማን ያውቃል። ባልና ሚስቱ አንዱንም ለመተው አልደፈሩም። እሷ ጠዋት ጥርስ ላለው፣ እሱ ከሰዓት ጥርስ ለሌለው፣ አሁን በግልጽ። «በደንብ አፍስስ፣ እንዳታጭበረብር» ትለዋለች ሲወጣ። ከዚያ ወዲያ የሽርጡ ጫፍ ረጠበ ብላ ተቆጥታው አታውቅም።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ኡ ካን ከገበያ ሲመለስ ደከመኝ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ አልተነሣም። ቃጭል አልጮኸም፣ ስልክ አልተደወለም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ከእግሯ ሥር፣ ሾርባዋን ከምትሸጥበት ቦታ አጠገብ መጣ። ልጃቸው ለቀብሩ ደርሶ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሄደ።

ከቀብሩ ወዲያ አንድ ሰኞ አመሻሽ ላይ ቲን ኑዌ ከውጭ ስትመለስ አየኋት። የሽርጧ ጫፍ ርሷል። እንድትስቅልኝ ብዬ «ዛሬ ደግሞ አንቺ ሻይ ደፋሽ?» አልኳት።

«ፓጎዳው፣ ነብሩ ጋ ነበርኩ» አለችኝ።

«ቲን ኑዌ፣ ለሞተ ሰው እኮ አይፈስስም።»

«አውቃለሁ።» ጎኔ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። «ቁራ ፈራሁ፣ ስልክ ፈራሁ፣ ባሕር ፈራሁ። ለእሱ ግን አንድም ቀን ፈርቼለት አላውቅም።»

ጎንበስ ብዬ የሽርጧን ጫፍ ጨመቅኩላት።