ደጅ የማይወጣ ሥጋ

የምሥራች፤ ወጣች። በእግሯ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በትልቁ የብረት በር በኩል፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት ወጣች። ማን እንደሆነች እነግራችኋለሁ፤ ስሟንም የእናቷንም ስም ትሰማላችሁ። ግን መጀመሪያ ያወጣቻትን ልጅ እወቁልኝ። እሷን ሳታውቁ ነገሩን ብጀምረው ልጅ ለማስፈራራት የተፈጠረ ተረት ይመስላችኋል።

ሥርጉት ትባላለች። ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ በላይ ባለው ዳገት፣ የሆቴል አንሶላ እያጠበች የምታሳድጋት እናት አለቻት። አባቷን አታውቀውም። ደሴ ጉም ሲወርድባት አንሶላ አይደርቅም፤ ሆቴሉ ደግሞ አይታገስም። ስለዚህ እናትና ልጅ ክረምቱን የሚያሳልፉት እርጥብ አንሶላ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ዘርግተው እያገላበጡ ነው። ሥርጉት መቆጣት የተማረችው እዚያ ነው። በጉሙ ትቆጣለች፤ በሆቴሉ ትቆጣለች፤ እናቷ ለሆቴሉ ሰውዬ አጎንብሳ ሰላምታ ስትሰጥ ደግሞ በእናቷ ትቆጣለች። ትምህርት ቤት "ሴቶች ክፍሉን ጥረጉ፣ ወንዶች ውጡና ተጫወቱ" የተባለ ቀን መጥረጊያውን አምጥታ አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ኳሱ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ ለአስተማሪው የሰጠችው ምላሽ ይቺ ልጅ ስትወለድም ያለቀሰችው ተቆጥታ ነው የሚል ነበር።

ስድስተኛ ክፍል፣ ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ፣ ጽናት የምትባል ልጅ መጣች። አባቷ ጋሽ ወንድምአገኘሁ ፒያሳ የእህል መደብር አላቸው፤ ቤታቸው ግን ኮምቦልቻ ነው። ጽናት ሰኞ በአባቷ ፒክአፕ ወደ ደሴ ትወጣለች፣ ዓርብ ትወርዳለች። ከማንም ጋር አትጫወትም፤ እረፍት ላይ ግድግዳ ተደግፋ ልጆቹን አንድ በአንድ ታያለች። አይታ አይታ ሥርጉት አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

ሥርጉትን ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት ይሄ መመረጧ ነው። ጓደኛ ያገኘች መስሏት ነበር። ለካ ገበያ ላይ ጠቦት ሲገዛ እንደሚደረገው አፏን ከፍተው ጥርሷን እያዩ ነበር።

የጽናት ጥያቄ የልጅ ጥያቄ አልነበረም። አባት እንዳላት ጠየቀቻት፤ የለኝም አለቻት። ወንድምስ፣ አጎትስ አለቻት፤ እነሱም የሉም። ከዚያ ዳቦዋን ለሁለት እየቆረሰች፣

"ብትጠፊ ማን ይፈልግሻል?" አለቻት።

"እናቴ ናታ። ደሴን እንደ አንሶላ ጨምቃ ታወጣኛለች።"

ጽናት አልሳቀችም። ትልቁን ቁራሽ ለሥርጉት ሰጥታ ትንሹን አንገቷን ደፍታ በላች።

ከዚያ ስጦታው መጣ። መጀመሪያ ጫማ፤ ቀጥሎ ጽናት ለብሳው የነበረ ቢጫ ቀሚስ፤ ቀጥሎ ለእናቷ ዱቄት። እናቷ በደስታ የምትገባበት ጠፋት። ሰፈርተኛው የእህል ነጋዴ ልጅ ጓደኛ ያዘች ብሎ ሥርጉትን በሌላ ዓይን ያያት ጀመር። አንድም ሰው፣ አንድም ትልቅ ሰው፣ ሀብታም ቤት ለድሃ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለምንድነው ብሎ አልጠየቀም። ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ግንቦት ላይ ጽናት ለቤታቸው ድግስ ጠራቻት። እናቷ ቢጫውን ቀሚስ አጥባ፣ ተኩሳ አለበሰቻትና አንድ ነገር ብቻ አስማለቻት፦ ሰው ቤት ሄዳ እንዳትቆጣ። ሥርጉት ማለች።

ጋሽ ወንድምአገኘሁ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱን ልጆች ፒክአፑ ላይ ጭነው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወረዱ። ጉሙ ከኋላ ቀረ፤ ጆሮ ይደፍናል፤ ታች ኮምቦልቻ ስትደርሺ ሙቀቱ ምድጃ እንደተከፈተ ፊትሽን ይመታሻል። ሰውየው መንገዱን ሙሉ አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እናትሽ መቼ ትመጣለች ብላ ነው የምትጠብቅሽ አሏት። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት አለቻቸው። እሳቸውም መሪውን ይዘው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ "ዛሬማ አይሆንም" አሉ።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። አጥሩ ላይ ሰባራ ጠርሙስ ተተክሎበታል። በሩን የከፈተችላቸው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የሳበች ቀጭን ሴት ናት። ሥርጉት አንድ ነገር አየች፦ ሴትዮዋ የበሩን ብረት ስትገፋ እጇን ብቻ ወደ ውጭ ትዘረጋለች፤ የእግሯ ጣቶች ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ሽምቅቅ ብለው ይመለሳሉ። ብዙአየሁ ብለው ይጠሯታል።

ሳሎን ግድግዳው ላይ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ተሰቅሏል። ሥርጉት ማናት አለች። ጽናት አክስቷ ብዙአየሁ እንደሆነች፣ አዲስ አበባ አግብታ እንደምትኖር ነገረቻት። በሩን የከፈተችውስ? እሷም ብዙአየሁ ናት። እንዴት ሁለት ብዙአየሁ አንድ ቤት ይኖራል? ጽናት የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትላለች።

ከሳሎኑ ራስጌ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ከባድ ቀይ መጋረጃ አለ። ብዙአየሁ የምትባለዋ ሴት ሳህን ሙሉ ጥብስ ይዛ ሄደች፤ ተንበረከከች፤ ዓይኗን ጨፍና ሳህኑን መጋረጃው እግር ሥር አኖረችና ጀርባዋን ሳትሰጥ እያፈገፈገች ተመለሰች። ሥርጉት ዓይኗን አልጨፈነችም። ሳህኑ ወለሉን እየፋቀ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ።

ቦረንትቻ ነበር ድግሱ። በኛ አገር በዓመት አንዴ ለቤቱ ውቃቢ የሚያርድ ሰው ሞልቷል፤ ያርዳል፣ ይበላል፣ ይመርቃል፣ በቃ፤ ማንንም አይነካም። እነዚህ ግን ልማዱን ወጥመድ አደረጉት። ሥርጉት ድግስ ሲሏት ጎረቤት የሚሰበሰብ መስሏት ነበር፤ አንድም እንግዳ የለም። የጽናት አያት እማማ አሰገደች ትሪውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ደረቅ ሳላቸውን ሁለቴ ስለው፣ ሕጉን ነገሯት።

"ይቺ ሥጋ ደጅ አትወጣም ልጄ። ፍርፋሪዋ እንኳ ከደፍ ካለፈች ሰው ይሞታል። የሚበላት የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ የበላትም ከቤቱ አይወጣም።"

ይህን ብለው ጉልበቴን አመመኝ፣ ጋደም ልበል ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ቀጭኗ ሴት እጅ ልታስታጥብ መጣች። ውሃውን ሥርጉት እጅ ላይ እያፈሰሰች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

"አትብዪ" አለቻት። "እኔ በላሁ።"

ይህኔ መጋረጃው ተነፈሰ። ከኋላው ወፍራም፣ የሻከረ ድምፅ ወጣ።

"ጽናቴ መጣች?"

ጋሽ ወንድምአገኘሁ ተነሥተው ቆሙ። የሚያዩት ግን ልጃቸውን አይደለም፤ ሥርጉትን ነው።

"መጥታለች ጌታዬ። ቀሚሷን ለብሳ፣ በገዛ እግሯ መጥታለች።"

ሥርጉት እኔ ሥርጉት ነኝ አለች። ማንም እንዳልሰማ ሆነ። ዘወር ብላ ጽናትን አየቻት፤ ጽናት ሹራብ ደርባለች፤ ከበሩ አጠገብ የተቆለፈ ሻንጣ ተቀምጧል። ያኔ ነገሩ ገባት። አዲስ አበባ ወደ አክስቷ የምትሄደው ጽናት ናት። ጽናት ሆና እዚህ የምትቀረው እሷ ናት።

"ምን አድርጌሽ ነው?" አለቻት።

"ምንም" አለች ጽናት፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። "በየትውልዱ አንድ ሴት ልጅ ይፈልጋል። አንዳችን መቅረት አለብን።"

ሥርጉት በፍርሃት ወደ ግድግዳው ተጠጋች። መጋረጃው እንደገና ሊናገር ሲል ግን ሳል አቋረጠው። ደረቅ ሳል፤ ሁለቴ።

ፍርሃቱ የት እንደገባ እሷም አታውቅም። ቁጣ ብቻ ቀረ። ለእናቷ የማለችው መሐላ እዚያው ፈረሰ፤ ይፍረስ። ሮጣ ሄዳ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ የሆቴል አንሶላ ከገመድ እንደምታወርድ አድርጋ፣ ከነብረቱ አወረደችው።

ከኋላው የጓዳው ሁለተኛ በር ነበር። በሩ ላይ ዱካ፣ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ ተደርጎ፣ ዱካው ላይ አሰገደች ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ሳህኑ፣ አፏ ላይ ቅባቱ። እማማ ማለቴንም አንቱታዬንም እዚህ ላይ አንሥቻለሁ፤ ይቅር የሚለኝ ይበለኝ። ከዱካው ሥር ደግሞ የልጃገረድ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ያረጁ፣ አቧራ የበላቸው፣ ለሥርጉት እግር የሚሆኑ።

ከቀጭኗ ሴት እጅ ማስታጠቢያው ወደቀ። አልጮኸችም። ጥያቄዋ እንኳ ከአክብሮት አልወጣም፤ ልቤን የሚበላኝም ይኸው ነው።

"እርስዎ ነዎት?" አለች። "ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ሳህን፣ እርስዎ ነበሩ የሚበሉት?"

"ዝም በይ ብዙአየሁ።"

"ሐዋ ነው ስሜ።"

ሐዋ ነው ስሟ። ደርግ በወደቀበት ግርግር የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ የሙሽራዋ የብዙአየሁ የክፍል ጓደኛ። በተውሶ ቀሚስ መጣች፣ በላች፣ ቀረች። ከደፍ ካለፍሽ እናትሽ በቆመችበት ትሞታለች ብለዋት፣ ለእናቷ ስትል፣ ለእናቷ ነፍስ ስትል፣ ያን ደፍ ሳትሻገር ልጅነቷ አለፈ። ለሰፈሩ ዘመዳችን ናት አሉ። ሰፈሩም አመነ፤ ማመን አይከብድማ፤ መጠየቅ ነው የሚከብደው።

ሐዋ ግቢውን አቋርጣ ወደ ትልቁ የብረት በር ሄደች። አሰገደች ከዱካዋ ሆና እየጮኸች በእናቷ ሞት አስፈራራቻት። የሐዋ እግር ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ጋሽ ወንድምአገኘሁም ደርሰው ክንዷን ያዙ።

ሥርጉት የሥጋውን ትሪ ብድግ አደረገች። በሰውየው ብብት ሥር ሾልካ፣ ደፉን ተሻግራ፣ የኮምቦልቻ ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ደፋችው። ውሾች ከየት መጡ ሳይባል መጡ።

"ይኸው ወጣ" አለች። "ሥጋችሁ ደጅ ወጣ። ማን ሞተ? ንገሩኝ፣ ማን ሞተ?"

ባጃጅ ቆመ። ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም ከመሃላቸው ነበርኩ፤ የበፊቱን በኋላ ከሥርጉት አፍ ሰማሁት። አንዱ ጎልማሳ፣ አንቺ ልጅ፣ የሰው ቤት ገመና ነው፣ ተይ ብሎ ሊገሥጻት ሞከረ። የተገሠጸው ግን እሱ ሆነ፤ በዚህ በር ስትመላለስ ይቺን ሴት አይተሃታል ወይ፣ አንድ ቀን እንኳ ውጭ አይተሃት ታውቃለህ ወይ ብላ አፋጠጠችው። አንገቱን ደፋ። አጠገቡ ያሉትም መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ወንድምአገኘሁ የሚያያቸው ዓይን ሲበዛ የሐዋን ክንድ ለቀቁ፤ ከፀፀት እንዳይመስላችሁ፣ የሰው ፊት ፈርተው ነው።

ውሾቹ በልተው ከንፈራቸውን ላሱ። ሰማዩ እንደነበረ አለ። ሐዋ ውሾቹን ለረጅም ጊዜ አየች።

"ወላሂ፣ ምንም አልሆኑም" አለች። ደፉንም ተሻገረች።

አንዲት መንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት ጠጋ ብላ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት። ሐዋ፣ ከፀሐዩ ብርታት ዓይኗን ጨፍና፣ የደጋኗ ሳፊያ ልጅ ነኝ አለች።

ደጋን ከተማ ያለችውን ሳፊያን የማያውቅ የለም። ልጅሽ ጅዳ ተሻግራለች ብለዋት፣ ከዐረብ አገር የተመለሰች ሴት በመጣች ቁጥር መኪና ድረስ እየሄደች ሐዋዬን አይተሻታል ወይ የምትለዋ ናት። ልጇ ግን የነበረችው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ሚኒባስ ረዳቱ ሒሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ የሚደርስበት ቦታ።

ጽናት ሻንጣዋን ይዛ ደፉ ላይ ቀርታ ነበር። ሥርጉት ተመልሳ ሄደች። ይቅር አላለቻትም፤ አሁንም አላለቻትም፤ የሰጠቻትን ጫማ እዚያው አውልቃ እግሯ ሥር ወረወረችላት። ግን እጇን ይዛ ጎተተቻት።

"አንቺም ውጪ" አለቻት። "ከዚህ ቤት ማንም አይቀርም።"

አሁን ሦስቱም ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሐዋ ሻይ ይዛለች፤ አልጠጣችውም፤ በሩ መከፈቱን እያረጋገጠች ነው መሰለኝ ዓይኗ ከዚያ አይነቀልም። የሥርጉት እናት ከደሴ እየወረደች ነው። ሥርጉት በባዶ እግሯ ሆና፣ ቃሏን የሚቀበለውን ፖሊስ ቶሎ ቶሎ ጻፍ እያለች እየተቆጣችው ነው።

ሌላውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ መቀመጥ አልችልም። የደጋን ሚኒባስ አንድ ሰው ቀረኝ እያለ ነው፤ ሳፊያ ገና አልሰማችም።