ሐይቅ ከተማ ላይ የጠገንኩት አልትራሳውንድ

ትናንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕክምና ምስል መግቢያ ትምህርት ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ "መምህር፣ ድምፅ እንዴት ሥዕል ይሆናል?" ብላ ጠየቀችኝ። ድምፁ ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ያገኘውን ነክቶ ሲመለስ ማሽኑ እንደሚሥለው አስረዳኋት። ተማሪዎቹ ሲወጡ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ሐይቅ ከተማ ሄዶ ነበር።

እንደተመረቅኩ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት እዚያ ጤና ጣቢያ ነው። የሐረር ልጅ ስለሆንኩ የምቀርበው ሰው አልነበረኝም። ክረምት ነበር። ከሥራ ስወጣ በጭቃው መንገድ ወደ ሐይቁ እወርድና የተጠበሰ ዓሣ ብቻዬን እበላለሁ። ብቻውን የሚበላ ሰው የሚያወራው ስለሌለው እሾሁን በጥንቃቄ ይለቅማል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዘይነባ የምትባል ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር ከአምባሰል ገጠር መጣች። ባሏ ዓረብ አገር ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ካለፈው ቀን ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። አዋላጇ ሲስተር አልማዝ አልትራሳውንዱን ብታበራው ስክሪኑ ጨለማ ሆነባትና አስጠራችኝ።

ሆድ ላይ የሚደረገውን መፈተሻ የገመድ መሰኪያ ብፈታው ከቀጫጭኖቹ መርፌዎች አንዷ ጎብጣለች። ላቤ እየተንጠባጠበ በወረንጦ አቀናኋት። ልሞክረው ብዬ መፈተሻውን ከገዛ ደረቴ ሥር ባስጠጋው ልቤ ስክሪኑ ላይ ትር ትር ትላለች።

"ሲስተር፣ ሠራ!" ብዬ ጮህኩ።

መሰኪያው እንዳይላቀቅ ይዤ፣ ከአልጋው በመጋረጃ ተከልዬ ማሽኑ ጎን ቆምኩ። የልጁ ጭንቅላት መጣ፤ አከርካሪው መጣ፤ ጥርት ብሎ። ከዚያ ደረቱ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ልብ አትንቀሳቀስም። ሲስተር ከዚህም ከዚያም አድርጋ ፈለገች።

ዘይነባ በመጋረጃው በኩል፣ "ወንድምዓለም፣ ገና አልተሠራም እንዴ?" አለችኝ።

መሥራቱን አውቃለሁ። መሰኪያውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

"የልጁ ልብ ቆሟል፣ የኔ እናት" አለቻት ሲስተር።

አማቷ "ኢና ሊላሂ" ብለው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ዘይነባ አላለቀሰችም። "በአላህ ይሁንባችሁ፣ ደግማችሁ እዩልኝ" አለች። ደግመን አየን።

አምቡላንስ ወደ ደሴ ወሰዳት። እሷ በደህና ተርፋ አገሯ መግባቷን ቆይቼ ከሲስተር ሰማሁ። የዚያን ዕለት ግን የጤና ጣቢያው ኃላፊ በር ላይ አግኝቶኝ፣ "ጎበዝ፣ ማሽኑን አስነሣኸው አሉ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "አዎ" ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬም ወደ ወልድያ ስጓዝ ሚኒባሱ ሐይቅ ላይ ሰው ሊያወርድ ይቆማል። በዘይነባ ዕድሜ የሚሆኑ ሴቶችን በመስኮት አያለሁ። ፊቷን በደንብ ስላላየሁት ብታልፍም አላውቃትም። ልጇን ግን ከእሷ በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ይህን የማጫውተው ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።